እመት ያልበላችበት ሳምንት

ደባርቅ ውስጥ የሰው ወሬ ሲያልቅ የሠርካለም ድመቶች ወሬ ይጀመራል። ሠርካለም የእንስሳት ክሊኒክ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ በቅሎ ስትወጋና የላም ጡት ስታይ ትውልና፣ ከሥራ መልስ አባቷ ድሮ ገብስ ያስቀምጡበት የነበረው ክፍል ገብታ ከአሥራ አንድ ድመት ጋር ትቀመጣለች። ሰፈሩ ክፍሉን «የድመት ገዳም» ብሎ ሰይሞታል። እሷ አልተቀየመችም። ገዳም ከሆነ የሚገባ ሰው ድምፁን ይቀንስ፣ መልሷ ይኸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ቱሪስት የጠፋ ጊዜ ነው። መንገዱ ሲከፋ ፈረንጆቹ ቀሩ፤ ፈረንጆቹ ሲቀሩ ሎጆቹ ወጥ ቤታቸውን ዘጉ። የወጥ ቤት ትራፊ ለምደው ላደጉት ድመቶች ግን ቤቱ መዘጋቱን የነገራቸው የለም። በተዘጋው በር ፊት ተቀምጠው አጥንታቸው እስኪቆጠር ጠበቁ። ሠርካለም ወደ ፓርኩ በሚወስደው በሳንቃ በር መንገድ ለክትባት ወጥታ ስትመለስ ሦስቱን በጆንያ ይዛ ገባች። ሦስቱ ሌሎችን ጠሩ። የፈላ ውሃ የተደፋበት መጣ፣ ዓይኗ በመግል የተጣበቀ መጣች፣ በአይጥ መርዝ ተመርዞ ለጥቂት የተረፈም መጣ።

አዲስ ድመት ሲመጣ ሠርካለም ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። አትጠራውም፣ ዓይን ዓይኑን አታየውም። ጎመን ትቀነጥሳለች ወይም የተቀደደ ካልሲ ትሰፋለች። ድመቱ በራሱ ጊዜ መጥቶ ቀሚሷን ካሸተተ በኋላ ነው ቁስሉን የምታየው። ካገገሙ በኋላ ለአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴዎች ትሰጣቸዋለች። የምታስምለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድመት ያለበት መጋዘን ውስጥ መርዝ አይበተንም።

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ መሪጌታ ጥበብ ከዳባት በካርቶን አንዲት ግራጫ ድመት ይዘው መጡ። ድመቷ እመት ትባላለች፤ የየኔታ ወልደ ሩፋኤል ናት። የኔታ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን የወሰደባቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ መሪጌታም ከእሳቸው እግር ሥር የተማሩ ናቸው። ባለፈው ረቡዕ ደም ግፊት ጥሏቸው አንደበታቸው ተያዘ። ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆይተው አሁን እኅታቸው ቤት ተኝተዋል። በዚያ ግርግር የየኔታ ቤት ሲቆለፍ እመት ውስጥ ቀርታ ኖሯል። መሪጌታ እሑድ መጽሐፍ ሊወስዱ በሩን ቢከፍቱ፣ ከባዶ ሳህን አጠገብ ተቀምጣ አገኟት።

ሠርካለም አራት ቀን ሙሉ ምን እንደበላች ጠየቀች። መሪጌታ ያዩትን ነገሯት። የኔታ የወደቁት በዘጠኝ ሰዓት ለማዕድ ሲቀመጡ ስለነበር እንጀራውም ሽሮውም ከመደቡ ሥር መሬት ላይ እንደቀረበ ነበር፤ ሻግቷል፣ ግን የድመት አፍ አልነካውም። ከእንስራው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ግን ጠጥታዋለች።

«እኔ የምለውን አትሳቂብኝና፣» አሉ መሪጌታ፣ «እንደ ጌታዋ ሱባኤ የያዘች ነው የሚመስለኝ። ያ ሁሉ ምግብ አፍንጫዋ ሥር እያለ።»

ሠርካለም አልሳቀችም። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ ሲባል ሰምታ ያደገች ሰው ስለሆነች ግን አላመነችም። የራባት ድመት እንጀራ ፊት ለፊቷ እያለ የማትበላበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱ ደግሞ አፏ ውስጥ፣ ሆዷ ውስጥ ወይም ልቧ ውስጥ ነው። መሪጌታን ሸኝታ ከአፏ ጀመረች። ጥርሷ ደህና ነው። ድዷ ደህና ነው። ሆዷም ባዶ ከመሆኑ በቀር አያምም። የቀረው ልቧ ነበረ፤ የድመት ልብ ደግሞ በክሊኒኩ መሣሪያ አይታይም።

ወተት አቀረበችላት። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሳንባ ገዝታ ቀቀለች። እንቁላል ጠበሰች። እመት ለሁሉም ያደረገችው አንድ ነው። ትመጣለች፣ ከሳህኑ አንድ ስንዝር ርቃ ትቀመጣለች፣ የፊት እግሮቿን ገጥማ ትጠብቃለች። ምራቋ ይንጠባጠባል። ሠርካለምን የገረማት ይኼ ነው፤ የማትፈልግ ድመት ምራቅ አታዝረበርብም። ደግሞ የምታየው ሳህኑን አይደለም፤ የሠርካለምን እግር ነው። ጆሮዎቿን ወደ መሬት አቅንታ የሠርካለምን እግር እያየች ትቆያለች። ቆይታ ቆይታ ሌሎቹ ድመቶች ሳህኑን ሲልሱባት ምንም ሳትል ወደ ጥጓ ትመለሳለች።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ገደማ ግን በላች። ሠርካለም ለምሳ መጥታ ውጭ እጇን ስትታጠብ ነበር፤ ስትገባ እመት እንቁላሉ ላይ አቀርቅራለች። ሁለት ጉርሻ ያህል ከዋጠች በኋላ ቀና ብላ አቆመች። ሠርካለም ደስታዋን መያዝ አቅቷት በደብተሯ ላይ «እንቁላል ትወዳለች» ብላ ጻፈች። ረቡዕ አራት እንቁላል ጠበሰች። እመት እግሯን እያየች ቁጭ አለች። ሠርካለም ደብተሩ ላይ የጻፈችውን ሰረዘችው። ብቻዋን ስትሆን ይሆናል ብላ በሩን ዘግታ ወጣች፤ አልሆነም። በጎመን ቅጠል ላይ፣ በእጇ መዳፍ ላይ፣ በቀይ ሳህን፣ በነጭ ሳህን ሞከረች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አስኳል በሲሪንጅ አፏ ውስጥ ልትጨምር ብትሞክር እመት ክንዷን ቧጭራ ግማሹን ቀሚሷ ላይ ተፋችው።

በዚህ መሀል ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የየኔታ ድመት ጾም ይዛለች ተባለ። ሐሙስ ዕለት ነጠላ ያጣፉ እናቶች ሊያይዋት መጡ፤ አንዷም ባዶ እጇን አልመጣችም፣ ሁሉም ጠበል በሃይላንድ ይዘው ነበር። በግድ ብታበያት ኃጢአቱ ላንቺ ነው ብለው መከሯት። ሠርካለም ተናደደች። ለሰው ቢሆን አንድ ነገር ነው። ድመት ግን ከሳምንት በላይ ካልበላች ጉበቷ ይታመማል፣ ከዚያ በኋላ ምግብም ቢገኝ አያድናትም። እመት እስከ ቅዳሜ ካልበላች አትተርፍም። የጆሮዋ ውስጠኛ ክፍል ቢጫ መምሰል ጀምሯል። ይህን ለእናቶቹ ብትነግራቸው ባረኳትና ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዳ፣ እመትን በቅርጫት አድርጋ፣ የተቀቀለ ሳንባ በፌስታል ቋጥራ የዳባት ሚኒባስ ላይ ወጣች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም። ድመቷ ያደገችበትን ቤት ማየት አለብኝ ብቻ ነው ያለችው፤ ከብት ሲታመም ግርግሙን የማታይ ባለሙያ ምን ባለሙያ ናት?

መጀመሪያ የገባችው የኔታ የተኙበት፣ እኅታቸው እትዬ ወርቄ ቤት ነው። የኔታ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ጋቢው እስከ ደረታቸው ነው። የግራ ጎናቸው ሞቷል። ቀኝ እጃቸው ግን የአልጋውን ሳንቃ በጣት መገጣጠሚያ ያንኳኳል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም ይላል። ቆይቶ እንደገና ሦስት። ባንኳኩ ቁጥር ለጥየቃ የመጡት ሴቶች ያማትባሉ።

«ሥላሴን እየጠሩ ነው፣» አሉ እትዬ ወርቄ። «አንደበታቸው ቢያዝ እጃቸው ያመሰግናል። እህሉ ነው የከፋው፣ ልጄ። አጥሚቱን አፋቸው ላይ ሳደርገው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ሐኪሙ መዋጥ ይችላሉ ብሎኛል። ጾሙን ይዘው ሊሄዱ ነው መሰለኝ።»

ሠርካለም የታማሚውን እጅ ሳመች፤ ስለ ድመቷ አላነሳችም። በሰው ሞት ፊት የድመት ነገር ማንሳት ነውር መሰላት። መሪጌታ ጥበብ ቁልፉን ይዘው ወደ የኔታ ቤት ወሰዷት።

አንድ ክፍል ናት፤ ንጹሕ፣ በእበት የተለቀለቀች። መደብ አለ፣ የበግ አጎዛ አለ፣ ጥግ ላይ ጫፉ ብረት የለበሰ መቋሚያ ቆሟል። ሠርካለም ቅርጫቱን አስቀምጣ በሁለት እጇና በጉልበቷ ወለሉ ላይ ወረደች፤ ድመት ቤትን የምታየው ከዚያ ከፍታ ነውና። መሪጌታ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷቸው በሩ ላይ ቆሙ። ከመደቡ ግርጌ የእመት ሳህን አለ፤ ጠርዙ የተሸረፈ ሸክላ። ከሳህኑ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ለስላሳው ወለል ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ አገኘች። ጣቷን ከተተችበት። ውስጡ እንደ ሙቀጫ ለዝቧል።

«መሪጌታ፣ ይኼ ምንድነው?»

መሪጌታ አጎንብሰው አዩት። የኔታ ሲያስተምሩ በመቋሚያቸው መሬት መምታት ልማዳቸው እንደነበር ነገሯት። ቅኔው ሲበላሽ ይመታሉ፣ ሲሠምር ይመታሉ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ ይመታሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኩ ስለሚውሉ ማን ልብ ይለዋል?

«የሚያስተምሩት እዚህ ነበር?»

«የለም፣ እደጅ ነው። እዛፉ ሥር።» መሪጌታ ይህን ተናግረው ጉድጓዱን እንደገና አዩት።

ሠርካለም ተነሥታ መቋሚያውን ከጥጉ አመጣች። የብረቱን ጫፍ ጉድጓዱ ላይ ብታደርገው ልክክ አለ። ሳንባውን ከፌስታሉ አውጥታ ሳህኑ ላይ አደረገችና የቅርጫቱን ክዳን ከፈተች። እመት ወጣች፣ እየተንገዳገደች መጣች፣ አንድ ስንዝር ርቃ እግሮቿን ገጥማ ተቀመጠች። ሠርካለም አንድ ጊዜ መታች። የእመት ጆሮ ቆመ። ሁለተኛ መታች፤ እመት ተነሣች። ሦስተኛውን ስትመታ ድመቷ ሳህኑ ላይ ወደቀችበት።

ሠርካለም መደቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ዓይን የሌለው ሰው ከድመት ጋር ከአንድ መሬት ላይ ለመብላት ሕግ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ፣ የትኛው እጅ የትኛው ጥፍር እንደሆነ በምን ያውቃል? የኔታ ሕግ አወጡ። መቋሚያው ሦስት ጊዜ ሳይናገር ምግብ ምግብ አይደለም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እመትን ግን ልማዷ ከማዕዱ አስቀራት። የማክሰኞዋ እንቁላልም አሁን ገባት። ያን ቀን ጎረቤቷ ደርቤ ጣራው ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ነበር። ሦስቱ ምት ሲሞላላት በላች፤ ምቱ ሲበዛባት ደግሞ ግራ ገብቷት ተወችው።

መሪጌታ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ቀስ ብለው ተናገሩ። «አስቀድመው ለእሷ ነበር የሚሰጡት። ቤት ውስጥ የሚጠብቅ ሳለ አልቀምስም ይሉ ነበር። ስትበላ ድምጿን ሰምተው ነው የራሳቸውን ጉርሻ የሚያነሡት።»

ሁለቱ ተያዩ። ሠርካለም ሳህኑን አነሣች፤ እመት ገና አልጠገበችም ነበርና ጮኸች። ቅርጫት ውስጥ ከትታት ወጣች። መሪጌታ በሩን መቆለፍ ረስተው ተከተሏት።

እትዬ ወርቄ ቤት ሴቶቹ እንዳሉ ናቸው። የየኔታ እጅ ሳንቃውን እያንኳኳ ነበር፤ ድምፁ ከጠዋቱ ይልቅ ደክሟል። ኳ፣ ኳ። ሦስተኛው ዘገየ። ሠርካለም የተቀረውን ሳንባ የሸክላው ሳህን ላይ አድርጋ፣ ከአልጋው ሥር ልክ ከእጃቸው በታች መሬት ላይ አስቀመጠችው። እመትን አወጣቻት። ድመቷ አንድ ስንዝር ርቃ ተቀመጠች። ቤቱ ዝም አለ። አንዲት ሴት ስለ ድመቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

ኳ።

እመት በላች። የሳህኑ ሸክላ መሬቱ ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ምላሷ ሲልስ፣ ጥርሷ ሥጋ ሲቆርጥ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ በአንድ ይሰማል። የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያላረፈው እጃቸው ጋቢው ላይ ተዘርግቶ አረፈ። ከተዘጋው ዓይናቸው ጥግ እንባ ወረደ።

እትዬ ወርቄ ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ሠርካለምን አዩዋት።

«እትዬ፣» አለች ሠርካለም፣ «አጥሚቱን አሁን ይሞክሩት።»

አንዷ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም አለች። እትዬ ወርቄ ማንኪያውን አጥልቀው፣ እፍ ብለው አብርደው፣ የወንድማቸው ከንፈር ላይ አደረጉት። የኔታ ከአልጋው ሥር የሚሰማውን ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ወርቄ ሁለተኛውን ማንኪያ ለመቅዳት ሲቸኩሉ ግማሹ ጋቢው ላይ ፈሰሰ።