ከአሥራ አራት በታች

«አሥራ አራተኛ አዳራሽ የለንም» አለች በር ላይ የቆመችው ሴት። «ያሉን ስድስት ናቸው።»

ጄኒቫል በአንድ እጁ ፈንዲሻውን፣ በሌላው ሁለቱን ትኬቶች እንደያዘ ወደ ትልቁ የግድግዳ ሥዕል ዞረ። ከሥዕሉ ግርጌ፣ ብርቱካናማ አራት ማዕዘን ውስጥ፣ 14 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ትኬት ሲቆርጥም አይቶት ነበር። በሱ የተነሳ ከልጅቷ ጋር ፎቁን ሁለት ጊዜ ዞረውታል።

«ይኸው እኮ እትዬ፣ ተጽፏል።»

«እሱ የአዳራሽ ቁጥር አይደለም፤ ዕድሜ ነው።»

«ጋሼ፣ በናትህ!» አለች ታይናራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና። «ሰው እየሳቀብን ነው።»

እውነትም ከኋላቸው የተሰለፉት ወጣቶች ይስቁ ነበር። ጄኒቫልም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የተበላሸ ሞተር ከድምፁ ይለያል፣ ሲኒማ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ግን ከሠርጉ በፊት ነው። ደግሞስ በሬሲፌ ከተማ ውስጥ የፊልሙን ጀግና፣ ቀዩን ሸርጣን የማያውቅ ማን አለ? የልጆች ደብተር ላይ አለ፣ የልደት ኬክ ላይ አለ፣ ታይናራ የለበሰችው ካናቴራ ላይ ሁለት መቆንጠጫውን ዘርግቶ ቆሟል። ካባ ለብሶ ሰው የሚያድን ሁሉ ለልጅ የተሠራ ነው ብሎ ያመነው ጄኒቫል ብቻ አልነበረም። ግማሹ ከተማ እንደሱ ነው የሚያስበው።

«ስንት ዓመቷ ነው?» ስትል ጠየቀች ሴትየዋ። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ስም ዙልሚራ ይላል።

«አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው ከእናት ወይም ከአባት ጋር ካልሆነ አላስገባም። ሕግ ነው። አባቷ ነህ?»

ጄኒቫል ይቺን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሸሻት ኖሯል። ክሊኒክ ሲሄዱ ሚስቱን ሉሲኔይዴን ያስቀድማል፤ ትምህርት ቤት ሲጠሩት «ከቤት ነኝ» ይላል። አንድ ጊዜ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ «ልጅህ አንተን ትመስላለች» ብሎት ገና ደስ ሳይለው፣ ታይናራ ሰው በተሰበሰበበት «ልጁ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ዳቦ የሚገዛው ብቻውን ነው።

ለዚህ ፊልም ሊያመጣት ቃል የገባው እሱ አልነበረም። ወላጅ አባቷ ክሌይቶን ነው። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ ቀን ስትቆጥር ከርማ፣ ዛሬ ጠዋት እሱ ካለበት ከካሩዋሩ ከተማ የድምፅ መልእክት መጣ፤ መኪናው ተበላሽቷል፣ «የኔ ልዕልት» በጣም ይወዳታል፣ ሌላ ቀን። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ካናቴራዋን አወለቀችና አጣጥፋ አስቀመጠች። ጄኒቫል ያን ማየት አቃተውና «ነይ እኔ እወስድሻለሁ» አለ፣ ሉሲኔይዴ ቅዳሜ ከፀጉር ቤቱ እንደማትወጣ ስለሚያውቅ። ከዛሬ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህቺ ልጅ ከእሱ ጋር በመምጣቷ እንዳትጸጸት።

አሁን ነኝ ቢል ታሳፍረዋለች፤ አይደለሁም ቢል ይመለሳሉ።

«አዎ፣ አባቴ ነው» አለች ታይናራ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ዙልሚራ የልጅቷን መታወቂያ ተቀብላ ገለበጠችው። ከዚያ የጄኒቫልን አየች። «እዚህ ላይ አባት ክሌይቶን ይላል። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጄኒቫል ነው።»

«ያ የወረቀቱ ነው፤ ይሄ የቤቱ ነው።»

ሴትየዋ ሳቋ አመለጣት። «አንቺ! አፍሽስ አሥራ አራት ካለፈው ቆይቷል።» መታወቂያዎቹን መለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማ ወንድሜ፣ ካባ አለው ብለህ እንዳትዘናጋ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጁን አቅፎ እየሮጠ ሲወጣ አይቻለሁ።»

ጄኒቫል አልሰማትም ቢባል ይቀላል። «የቤቱ» የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ትጮህ ነበር። ለመግባት ብላ እንደተናገረችው አልጠፋውም፣ ሞኝ አይደለም። ቢሆንም ደስ አለው፤ በደረጃው ላይ ሊሰናከል ምንም አልቀረው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መልካም ነበር። ታይናራ ከዓሣ አጥማጁ ጀምራ እያንዳንዱን ሰው በጆሮው እየነገረች አስተዋወቀችው። ፊልሙ በተወሰደበት የልጆች መጽሐፍ ላይ ማንም አይሞትም፤ ክፉዎቹ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ይተከሉና ሕዝቡ ይስቅባቸዋል። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ግን ሳቁን ጥለውታል። ጭቃው ቀርቷል፣ ያውም ከደም ጋር።

ከዚያ ክፉዎቹ የግድቡን በር ከፈቱት። ውሃው በእንጨት ላይ ወደቆሙት ደሳሳ ቤቶች ገባ። የጀግናው አባት እግሩ በወደቀ ግድግዳ ተይዟል፤ ልጁ እጁን ይጎትታል፤ ውሃው ከወገብ ወደ ደረት ወጣ። አልቸኮለም። ዝግ ብሎ ነበር የሚወጣው።

ጄኒቫል ከመጋረጃው ዓይኑን አንስቶ ልጅቷን አየ። ጉልበቶቿን ደረቷ ላይ አጣብቃለች። ፈንዲሻው ወለል ላይ ተበትኗል፤ እሷ አላወቀችም።

ሁለት ክረምት ሆኖታል። ያን ጊዜ ውሃው የነሱም ቤት በተኙበት ገብቶ፣ ጄኒቫል ልጅቷን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከሉሲኔይዴ ጋር የጎረቤት ጣሪያ ላይ አድረዋል። ስለዚያ ነገር በቤታቸው አይወራም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ታይናራ መብራት ሳይበራ አትተኛም። የመተላለፊያውን መብራት አብርቶ የሚተወው እሱ ነው፤ ጠዋት ደግሞ «ረስቼው ነው» ይላል።

«እንውጣ?» አለ በሹክሹክታ።

«አልፈራሁም።»

«እኔ ፈርቻለሁ።»

«እንግዲያው አንተ ውጣ።»

ተመልሶ ተደገፈ።  ካስወጣት ጠዋት ያጣጠፈችውን ካናቴራ መልሶ ያጣጠፈው እሱ ነው የሚሆነው። ፊልም አይደል? ያልፋል። ደግሞስ አባቷ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ይህን ሲያስብ ራሱን ታዘበ፤ ክሌይቶን ምን ያደርግ እንደነበር ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም።

ውሃው አፍ ደረሰ። ካሜራው ከሰውየው ፊት አልነቀል አለ። ታይናራ አየር መሳብ አቁማለች፤ ጥፍሮቿ የወንበሩን ክንድ ቧጥጠዋል፣ ዓይኗን ግን አልከደነችም። ጄኒቫል ተነሣና ክንዷን ያዘ።

«ተነሺ።»

«አልነሣም!»

«ታይናራ፣ ተነሺ ብያለሁ።»

«ተቀመጥ እንጂ ሰውዬ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጎተታት። ልጅቷም በጨለማው ውስጥ ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ «ልቀቀኝ! አባቴ አይደለህም!» ስትል ጮኸች።

አዳራሹ ሙሉ ሰማ። አንድ የስልክ መብራት ፊቱ ላይ በራ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ቆጥሮ የማይዘልቀው ሆነ። አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ መተላለፊያው ላይ ቆመ። «ልጅቷን ወዴት ነው?» ጄኒቫል ዓለም እንዴት እንደሚያየው ገባው፤ የራሱ ያልሆነችን ልጅ በጨለማ የሚጎትት ሰው።  ግን አልለቀቃትም፤ እስከ በሩ ድረስ ይዟት ወጣ።

ባለ መነጽሩ ተከትሎ ወጣ። ዙልሚራም እየሮጠች ደረሰች።

«አባቷ ነህ?» አለ ሰውየው። ቅድም በር ላይ የተጠየቀው ይኸው ጥያቄ ነበር፤ አሁን ግን ሰውየው ሲጠይቅ ጡጫውን ጨብጧል።

«አይደለሁም» አለ ጄኒቫል። «የእናቷ ባል ነኝ። የእንጀራ አባቷ።»

ዙልሚራ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቅድም አባቴ ነው አላልሽኝም እንዴ?»

«ቅድም ለመግባት ነው» አለች ታይናራ።

ያውቀው ነበር። ያውቀው የነበረ ነገር እንዲህ ይወጋል ብሎ አልጠበቀም።

«ክፉ ነገር አድርጎብሻል የኔ ልጅ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አትፍሪ» አለች ዙልሚራ ጎንበስ ብላ።

ታይናራ የሰዎቹን ፊት አየች፤ የባለ መነጽሩን ጡጫም አየች። የጮኸችው ምን እንዳመጣ ያኔ ገባት። «ኧረ ምንም! ጋሼ ነው እኮ። ፊልሙን አቋርጦ አስወጣኝ እንጂ ምንም አላደረገኝም።» ከዚያ ደግሞ ንዴቷ ተመለሰ። «ለአባዬ እደውላለሁ። አባዬ ግቢ ካለኝ እገባለሁ!»

ክሌይቶን ወዲያው አነሣ። ከጀርባው ሙዚቃና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ የተበላሸ መኪና ድምፅ አልነበረም። ልጅቷ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ አቤቱታዋን ዘረገፈች።

«ለዚህ ነው እንዴ የኔ ልዕልት?» ሳቀ ክሌይቶን። «ሸርጣን ነው እኮ! እዚያ ያሉት ሰዎች ይሰሙኛል? ወላጅ አባቷ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ፣ ትግባ።»

ዙልሚራ እፎይ አለች። «ይኸው፣ አባት ከፈቀደ ነገሩ አለቀ። ግቡና ጨርሱት ወንድሜ፣ እኔም ሥራ አለኝ።» ባለ መነጽሩም ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ታይናራ የበሩን መጋረጃ ይዛለች።

ሕጉ ፈቅዷል፣ አባት ፈቅዷል፣ በረኛዋ ፈቅዳለች። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ምንም መብት የሌለው ጄኒቫል ብቻ ነው። ዝም ቢል ልጅቷ ትገባለች፣ ከፊልሙ በኋላ አይስክሬም ይበላሉ፣ ምናልባት ነገሩም ይረሳል። 

«አትገባም» አለ።

«ምን?» አለ ስልኩ።

«አትገባም አልኩ። ውሃ ነው የሚያሳዩት። ሰው በውሃ ሲሞት።»

«ቢሆንስ? ስማ፣ ያንተ ሥራ ፍሪጅ ነው። ስለ ልጄ የምትወስን አንተ ማነህ?»

ጄኒቫል የተማረ ሰው የሚመልሰውን መልስ ፈለገ፤ አላገኘም። «እዚህ ያለሁት ነኝ» አለ። «ካልተስማማህ መጥተህ አስገባት።»

ስልኩ ላይ ሙዚቃው ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ተቋረጠ። ዙልሚራ አንዴ አየችው፤ ከዚያ የወደቀውን የትኬት ቁራጭ አንስታ ወደ በሯ ሄደች።

«ለእማ እነግራታለሁ» አለች ታይናራ። «ሁለተኛ ካንተ ጋር አልወጣም። ሁሉንም እነግራታለሁ!»

«ንገሪያት።» የራሱን ስልክ አወጣ፣ የሉሲኔይዴን ቁጥር ደወለና ሰጣት። ከዚህ የባሰ ምን ሊመጣ ይችላል ብሎ አሰበ፤ ደግሞም ሊመጣ የሚችለውን ያህል አሰበና ግድግዳውን ተደገፈ።

«እማ!» አለች ልጅቷ። «ጋሼ ከፊልሙ መሀል አስወጣኝ!»

የፀጉር ማድረቂያው ጩኸት እዚህ ድረስ ይሰማል። «ለምን? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም! ዝም ብሎ ነው! አንድ ሰውዬ... ውሃው ቤቱ ገብቶ... ልጁ እየጎተተው...» ቆመች። አፏ ተከፍቶ ቀረ። «እማ፣ ማንም እኮ አልመጣለትም።»

ከዚያ ጠዋት ያልወጣው ልቅሶ መጣ። ስልኩ ከጆሮዋ ወረደ፣ ዞር አለችና ግንባሯን ከጄኒቫል ሆድ ላይ ተከለች፤ እየተነፋረቀች በጡጫዋ ጎኑን ትመታዋለች። ጄኒቫል ለጊዜው ሁለት እጁን አየር ላይ እንደሰቀለ ቀረ። አስወጣት እንጂ ሊያቅፋት ማንም አልፈቀደለትም። ከዚያ አንደኛውን እጁን አወረደና ጀርባዋ ላይ አሳረፈው። ጡጫው ቀጠለ፤ እጁንም አላነሣም።

«ሃሎ! ሃሎ! ታይናራ! ማን አለ እዚያ?» ትላለች ሉሲኔይዴ።

በሌላ እጁ ስልኩን ከልጅቷ መዳፍ ላይ ወሰደ።

«እኔ አለሁ» አለ። «ስታበቃ እንመጣለን።»