የሹዋን ደረቅ ለቅሶ

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ሲሞቱ ባሌ ሹዋን አላለቀሰም። ጎረቤቱ ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ያያል። ሟቹ ክፉ ሰው ነበሩ። ምራት ስለሆንኩ ነው እንዲህ የምለው ይባል ይሆናል፤ ይባል።

ሉ በሚባለው በእኛ አገር አባቱ የሞተበት ልጅ ሦስት ዓመት ያዝናል። መቃብሩ አጠገብ የሣር ጎጆ ቀልሶ፣ የአፈር ጓል ተንተርሶ፣ ቀጭን አጥሚት እየጠጣ፣ ጠዋትና ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል። ሥጋ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ሚስትም የለችም። ሹዋን አንዱንም አላጓደለም። ግን ዓይኑ ደረቅ ነው። ከሩቅ የሚሰማው ሰው አህያ የጠፋበት ገበሬ ይመስለዋል።

አንድ ቀን አጥሚት ሳደርስለት፣ «አባቴን አልወደውም» አለኝ። «አባቱን የማይወድ ምኑን ሰው ሆነ? ስፈጠር የጎደለኝ ነገር ሳይኖር አይቀርም።»

«እሳቸውስ መቼ ወደዱህ? ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

አልሳቀም። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶት ነበር፤ እኔንም ነሳኝ። ባሌን እወደዋለሁ። ክፉ እንዳልሆነ ብነግረው ግን አያምነኝም።

ወሬው ሁለት መምህራን ጆሮ ደረሰ። መምህር ጎንግ ሰው ሲፈጠር ደግ ነው ባይ ናቸው። መምህር ቺዩ ደግሞ ሰው ሲፈጠር ክፉ ነው፣ የሚያቀናው ሥርዓት ብቻ ነው ባይ። ሁለቱም ጎጆው ድረስ መጡ።

«ፍቅሩ ውስጡ አለ፤ አቧራ ለብሶ ነው» አሉ ጎንግ።

«ምንም የለም። ባዶ ነው። ዝም ብሎ ያልቅስ፤ ሲለምድ ይገባዋል» አሉ ቺዩ።

«እርስዎ ይሄን ያህል ዘመን ለምደው ምን ገባዎት?»

«እኔማ ሥርዓት ባልማር ኖሮ ይሄኔ በዱላ ነበር የማናግርዎት።»

ሹዋን መሀላቸው ተቀምጦ ይሰማል። ስለ እሱ መሆኑን የረሱት ይመስለኛል።

ሦስት ዓመቱ አለቀ። ሹዋን ሻካራውን የሐዘን ልብስ አውልቆ ቤቱ ገባ። ሥጋ የሚበላበት ቀን ነውና አሳማ ቀቀልኩ። መምህራኑም ተጠሩ፤ ማለቴ፣ መጡ።

ወጭቱን መሀል አስቀመጥኩ። ሹዋን እጁን ዘረጋ፣ ሥጋው ጋ ሲደርስ አቆመው። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምነው? ብላ እንጂ» አልኩት።

«እስኪመታኝ እየጠበቅኩ ነው» አለ።

አባቱ ከእሳቸው ቀድሞ ሥጋ የነካውን እጅ ምግብ በሚያነሱበት በመብያ እንጨታቸው ይመቱ ነበር። ሹዋንን ካገባሁት በኋላም ይመቱት ነበር፣ እኔ ፊት። አሁን ማንም አልመታውም። እንባው ያን ጊዜ መጣ። ሦስት ዓመት ሲጮህ የከረመው ሰው ትንፍሽ አላለም፤ እንባው ብቻ አገጩ ላይ ይወርዳል።

«አላልኩም? ውስጡ ነበረ» አሉ ጎንግ።

«የሦስት ዓመት ልምምድ ነው የወጣው» አሉ ቺዩ።

«አሁንም አልወደውም» አለ ሹዋን፣ እጁን እንደዘረጋ። እኔን ነው ያየው። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

መብያ እንጨቴን አነሳሁና እጁን መታሁት፤ ቀስ ብዬም አይደለም። መምህራኑ ይህ ለማን እንደሚቆጠር አላወቁም። ሹዋን ቀይ የሆነውን እጁን ትንሽ አየው፤ ከዚያ በላ።