እጮኛዋ የቆለፈው ዘንግ

ልጄን የጀልባ መሪ መጨበጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የሚክድ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። በሚቀጥለው ወር ወደ ደሴቲቱ ትሻገርበት ዘንድ ባለሸራ ጀልባዬን ፈቅጄላታለሁ። ጀልባዋ ያላት ሁለት አልጋ ብቻ ነው። አብሯት የሚሄደው እኔ ልሁን ወይስ እጮኛዋ፣ ሦስታችን ለሙከራ በወጣንበት ቀን ልትወስን ነበር።

ሸራውን ወጥረን ሞተሩን አጠፋን። ከበታችን ፕሮፔለሩ በውሃው ግፊት ሲሽከረከር፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ እንደ ልማዱ ማንጎራጎር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ዘንጉ ዝም ብሎ ይዞራል እንዴ?» አለ እጮኛዋ። «ኩሽኔታውን በከንቱ ይበላዋል። የኋላ ማርሽ ብናስገባ ቀጥ ይላል።»

«ያለ አንተ ምክር እስካሁን አልሰመጠችም።»

«አባዬ፣ እስቲ ይሞክረው» አለች ልጄ።

እስቲ ይሞክረው! እኔ ካላልኩ ውሃ እርጥብ መሆኑን የማታምን ልጅ!

እጮኛዋ የማርሹን እጀታ ወደ ኋላ ሳበው። ድምፁ ቆመ። ጸጥታው ደስ ይል ነበር፤ ያበገነኝም ይኸው ነው። ልጄ ዓይኗን ጨፍና «ኡፍ፣ ተገላገልኩ» አለች። ያ ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ሲረብሻት ኖሮ፣ ለእኔ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ በኋላ የሚንሾካሾኩትን ሁሉ፣ ሳቃቸውን ጭምር፣ ጥርት አድርጌ ሰማሁ።

ስንመለስ በወደቡ አፍ ላይ ነፋሱ ጠፋ። ሸራውን አወረድን። እጮኛዋ እጁን ወደ ሞተሩ ቁልፍ ሲሰድ በክርኔ ገፋሁት።

«ይህቺን እንኳ ለጀልባዋ ባለቤት ተው!»

ቁልፉን አዞርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ያስነሣሁት ማርሹ ነጻ ሆኖ ነው። ጀልባዋ ወደ ኋላ ተስፈነጠረች፤ ከኋላችን መልህቅ ጥሎ ወደቆመ ነጭ ጀልባ።

«ሰውዬ፣ ፊትህ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጮኸ ባለ ጀልባው፣ የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ።

ልጄ ዘልላ ማርሹን ነጻ አደረገችው። ለጥቂት ተረፍን።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ እጮኛዋ ቶሎ ብሎ። «የኋላ ማርሽ ላይ እንዳለ ጋሼን ማስታወስ ነበረብኝ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ አየችው። ትንሽ ሳለች ማዕበል መትቶን ወደብ ሳደርሳት እኔን ባየችበት ዓይን አየችው። ከዚያ መሪውን ከእጄ ወስዳ ለእሱ ሰጠችው።

«አባዬ፣ አንተ ገመዱን ይዘህ ከፊት ቁም።»

ገመድ የሚያስይዙት እንግዳን ነው። ያዝኩት። ማን እንደሚሻገር የጠየቀ አልነበረም።

«ጋሼ፣ የወደቡ ድንጋይ ያዳልጣል፣ ሲወርዱ ቀስ ይበሉ» አለኝ እጮኛዋ ከኋላዬ።

አላዳለጠኝም።