ሁለት ሰዓት ከእናቱ ተለይቶ

ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚያላዝን ቡችላ ልቡ አይቆምም? ማንን ልጠይቅ? ቤት ውስጥ ከእሱና ከእናቱ ጋር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የልጅ ልጄ ውሻ ታራባለች። በእጄ ያደገች ስለሆነች እልኋን አውቃለሁ። የቡችላው አባት ወገን በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለበት ሲባል ሰምታ ሳላስመረምር ለማንም አልሰጥም አለች። በሽታው ያለበት ቡችላ ቆዳንና መገጣጠሚያን አጥብቆ የሚይዘው ነገር ከተፈጥሮው ላልቶበት ይወለዳል፤ ቆዳው ትንሽ ሲነካ ይቀደዳል። እናቲቱ ተመርምራ ነፃ ናት። የቀረው የእሱ ነው፤ የጉንጩ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሰዓት እንዳይጠባ፣ እናቱም እንዳትልሰው አለች። እሱን ካርቶን ውስጥ፣ እናቲቱን መታጠቢያ ቤት አድርጋ፣ አደራ ብላኝ ወጣች።

ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም። ድምፁ ሲሰልል በሩን ከፈትኩላት። አጠባችው፣ አፉን ላሰችው፣ ዝም አለ። የልጅ ልጄ ከመምጣቷ ትንሽ ቀደም ብዬ ሁለቱንም ቦታ ቦታቸው መለስኳቸው።

አስቸገረሽ ወይ ስትለኝ ምንም አልኳት።

«አንቺ እኮ እኔንም እስከ አራት ዓመቴ ከጀርባሽ አላወረድሽኝም አሉ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ጉንጩን ጠረገች።

ውጤቱ ጤነኛ ነው ብሎ መጣ። ብቻዋን ለምትኖር ጡረተኛ አዋላጅ ሰጠችው፤ በጤናው እኔን ይያዙኝ ብላ ወረቀቱንም ጨመረችላት።

በሦስተኛው ወር የወንበር እግር ጫረው። የጭኑ ቆዳ መዳፍ የሚያህል ተከፈተ። የእንስሳት ሐኪሙ ሊሰፋው ቢሞክር ክሩ በገባበት ሁሉ እየተቀደደ አስቸገረው። ደሙን ወስዶ ሲያስመረምር በሽታው አለበት። አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው። አልተቆጣችም፣ አልተቀመጠችም። አምኜሽ ነበር ብቻ አለቻት።

የልጅ ልጄ ለላቦራቶሪው ሁለት ገጽ ክስ ጻፈች። ናሙናውን የሠራችው ልጅ ገና በሙከራ ላይ ያለች ነች፤ ከሥራ አገዷት። ይህን የነገረችኝ ምሳ ላይ ነው። ይበላት አለች። እኔም ጨው አቀበልኳት፣ ሳህኔን ጨረስኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። ሊያስለቅሰኝ ይገባ ነበር፤ አላስለቀሰኝም። ሳምንቱን ሁሉ እንደዚያው ሆንኩ፤ ሰው ሲያናግረኝ እሺ እላለሁ፣ ምን እንዳለኝ አላውቅም።

ትናንት የልጅ ልጄ የቡችላውን ፋሻ ስትቀይር ሐኪሙ ደወለ። እጇ ስለተያዘ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ለቀቀችው። ናሙናው ሲወሰድ ከእናቱ ተለይቶ ነበር ወይ አላት፤ ጠብቶ ከሆነ የእናትየው ምራቅና ወተት አፉ ውስጥ ይቀራል፣ ምርመራው የሚያነበው እሷን ሊሆን ይችላል።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ» አለችው። «አያቴ ናት የጠበቀችው። እሷ ካለች ዝንብ አታልፍም።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ የፋሻውን ጫፍ ይዤላት ነበር።

«ከፍቼላት ነበር» አልኩ።

«ምኑን?»

«በሩን። ያን ዕለት። አለቀሰብኝ፣ የኔ እናት።»

ቀና ብላ አላየችኝም። «ምን ያህል ጠባ?»

«እስኪጠግብ።»

የዚያችን የላቦራቶሪ ልጅ ነገር ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ይመልሷት ይሆን ልላት። የልጅ ልጄ ጫፉን ከእጄ ወስዳ ፋሻውን ሳትቸኩል ጠቀለለች፣ ቆዳው እንዳይሳብ በሁለት ጣቷ ደግፋ። ቡችላውን አስተኛችው። እጇን ታጠበች። ከጠረጴዛው ላይ ቁልፏን አነሳች፣ ጫማዋን ቆማ አጠለቀች፣ ሹራቧን እንኳ ሳትደርብ ወጣች።