ጥቁሩ ክር

የጆንያው ክር ጥቁር መሆኑን ያየችው የመጨረሻውን እፍኝ የዩሪያ ማዳበሪያ ከበቆሎው ሥር ከጨመረች በኋላ ነው። ፋብሪካ የሚሰፋው ጆንያ ክሩ ነጭ ነው፤ የዚህኛው አፍ ግን በእጅ፣ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ጠዋት ባሏ ሲቀደው ማንም ልብ አላለም። አምና አንድ ጆንያ እስከ ላይኛው ትልም በቅቶ ነበር፤ ዘንድሮ ስድስት ትልም ሲቀር አለቀ።

"አለቀልን!" አለች ጆንያውን እያገላበጠች። "ሻጩ ቀንሶ አሸዋ ቀላቅሎበታል። በቆሎው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው?"

"አንቺ ደግሞ ገና ሲደምን ጎርፍ ይታይሻል" አለ ባሏ፣ የቦቲውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ።

"ማን እንደሰፋው ንገረኝና ልመንህ።"

ቤት እንደገባች ከጆንያው ጥግ የቀረውን አራግፋ በብርጭቆ ውሃ አማሰለችው። አሸዋው ሲዘቅጥ ልታይ ጠበቀች። ምንም አልዘቀጠም። ብርጭቆው እጇ ላይ ቀዘቀዘ፤ የግብርና ባለሙያዋ ደህና ዩሪያ እንዲህ ያደርጋል ብላቸው ነበር። እፎይ ማለት ሲገባት ባሰባት። ሻጩ ንጹህ ከሆነ የወሰደው የቤት ሰው ነው። ባሏን በጎን አየችው። እህቱም ዘንድሮ በቆሎ ዘርታለች።

"ምን አድርጌ ነው እንዲህ የምታዪኝ?"

"ምንም።"

አማቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የልጁን የተቀደደ ሹራብ ይጠግናሉ። በጥቁር ክር።

"እማማ፣ ይሄ ክር..."

አማቷ ቀና እንኳ አላሉም። "ዩሪያው ከአልጋዬ ሥር በባልዲ ነው፤ አምስት ጣሳ።"

ባሏ ሳቁ አመለጠው። "እማዬ! በስተርጅና ስርቆት?"

"ዝም በል አንተ! ላይኛው ትልም ፍግ ካየ ስንት ዓመቱ ነው? አፈሩ ዱቄት ሆኗል። አምና እዚያ የጨመርከውን ዝናቡ ጠርጎ ለጎረቤት አልሰጠውም? መጀመሪያ የበሰበሰውን ፍግ አውጡና ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። አፈሩ ውሃ መያዝ ሲጀምር ይሄን ትጨምሩበታላችሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትቆልፊብኝ ነበር።"

ስኳሩንም ቆልፋለች።

ሲመሽ ባልዲውን ከአልጋው ሥር ሳበችው። ዕቃ ቤት አስገብታ ልትቆልፍበት አነሳችው። አማቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ ግን አልመሰላትም። ከነበረበት መልሳ አስቀመጠችው። እርጥበት እንዳይስብ በላስቲክ ልትሸፍነው ጎንበስ አለች፤ ከመሸፈኗ በፊት ግን በዩሪያው ላይ በጣቷ አንድ መስመር አሰመረች። ማንም ቢነካው መስመሩ ይጠፋል።

"ነገ ፍጉን በጠዋት ነው የምናወጣው" አለች በሹክሹክታ፤ ለማን እንደሆነ ሳትለይ።

"እሺ ልጄ" አሉ አማቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከዚያ ሄዳ የቤቱን በር ብቻ ቆለፈች።