ቁርሷን የበላችው ሴትዮ

ፎቶው ደግሞ ቆመ፣ ግማሽ ላይ፣ ደረቱ ታይቶ ሆዱ ሳይመጣ፣ የሸዋሮቢት ኔትወርክ እንግዲህ ይኸው ነው፣ ናጅዋ ስልኳን ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ ከፍ ታደርጋለች፣ ስድስት ዓመት የለፋችበት ነገር በአንድ ፎቶ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ባልደረባዋ ኤርሚያስ ከቤተ ሙከራው ላክሁልሽ፣ እስክታዪው አልናገርም ያላት፣ የመጀመሪያዋ ታማሚ ምስል፣ የዚያች ቁርሷን በልታ የተመረመረችው። ሆን ተብሎ። እንቁላል በዳቦ፣ ሻይ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ጋር።

አክስቷ ጣይባ ወዲያ ተቀምጠው የሽንኩርት ጆንያ ይሰፋሉ፣ ምን ያንጠራራሻል ይላሉ፣ ምንም እትዬ።

ምንም! ያኔ ህንድ አገር ለምርመራ የወሰደቻቸው እሷ፣ ይጹሙ ያለቻቸውም እሷ፣ ካንሰር ስኳር አይጠግብም፣ የሚያበራ ስኳር በደም ሥር ይሰጡና የት እንደተከማቸ በመሣሪያ ያያሉ፣ ሆድ ባዶ መሆን አለበት፣ ይኼን አላስረዳችም፣ ይጹሙ ብቻ፣ እሳቸውም እንደሚያውቁት ጾሙ፣ ጎህ ሳይቀድ ሱሁር በሉ፣ ተምር፣ ዳቦ በማር፣ ከዚያ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ቀረቡ፣ በልተው ስለነበር የሚያበራውን ስኳር ጡንቻቸው ሻማው፣ ምስሉ ሁሉ ቦግ፣ ዕጢውን ማን ይለየው፣ ቀጠሮው እስኪደገም ሁለት ወር፣ በሁለት ወር ዕጢው ብብት ደረሰ፣ ጡታቸው ሄደ። እስከዛሬ ለቅሶ ቤት ሳይቀር በገዛ ሆዴ ነው ይላሉ። የሷ ጥፋት እያለ። ኬሚስት ተብዬዋ።

ስለዚህ ስኳሩን ተወችው፣ ካንሰር ግሉታሚንም ይበላል፣ ፕሮቲን ውስጥ ያለውን፣ የሚያበራውን እሱ ላይ ለጠፈች፣ ተላቀቀ፣ እንደገና ለጠፈች፣ ተላቅቆ የአይጦቹ አጥንት ውስጥ ገባ፣ የቤተ ሙከራው ፕሮፌሰር ይቅርብሽ አሏት፣ ልጆቹ ሙድ ያዙባት፣ ይያዙ።

መጣ። ሆዱ መጣ።

ጡንቻው ጨለማ፣ ልቡ ጨለማ፣ ከእንብርቷ ዝቅ ብሎ ግን አንዲት ነጥብ፣ ዕጢው፣ ሽምብራ የምታክል፣ ፍም፣ ያ አላህ፣ በልታ እኮ ነው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጠጥታ፣ ገና ብዙ ሰው ላይ መሞከር ይቀራል፣ ይቅራ! እትዬ፣ ትላለች፣ እትዬ ታየ፣ እኔ የሠራሁት፣ ሴትዮዋ በልታ ታየ።

ጣይባ ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰክተው ይተዋሉ። በልታ? በልታ። ጣፋጭም? ጣፋጭም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጎደለው ጡታቸው ይሄዳል፣ እንግዲያ የኔ ሆድ አልነበረማ። አልነበረም እትዬ፣ በደንብ ያላስረዳሁዎት እኔ ነኝ፣ የዚያኔው መድኃኒትም ሰነፍ ነበር።

በይ ተነሺ፣ ይላሉ ጣይባ ነጠላቸውን እያራገፉ፣ ምሳ እንብላ።