የዲያቆኑ ፓስዎርድ

ጉድ ፈላ። አዲሱ ፕሪንተር ተሰክቶ መብራቱን ያበራል፤ ኮምፒውተሩ ግን የአድሚን ፓስዎርድ ካልገባ አልሠራም ብሎ ድርቅ አለ። ደስታነሽ ከአንድ እስከ አራት ያለውን ቁጥር መታች፤ እምቢ። የጽሕፈት ቤቷን ስም፣ የስልኳን ቁጥር፣ ኮምፒውተሩን ያስተካከለላትን የወንዳወቅን የክርስትና ስም ሳይቀር ሞከረች፤ እምቢ አለ ከይሲው።

እትዬ እንቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባል ወንድም መሬታቸውን በፍርድ ወስዶባቸዋል። የይግባኙ ቀን የሚያልቀው ዛሬ ነው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤትም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ማመልከቻው ትናንት ተተይቦ አልቆ ነበር። አሮጌው ፕሪንተር ሲቃጠልባት ነገ ይምጡ ያለቻቸው ራሷ ደስታነሽ ናት። ሌላ ጽሕፈት ቤት እንዳትልካቸው ፍኖተ ሰላም ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፤ በሰፈሩ ጄኔሬተር ያላት እሷ ብቻ ናት።

የወንዳወቅ ስልክ ዝግ ነው። ይዘጋል እንጂ! ሰውዬው ዲያቆን ነው፣ ጾሙ ሁዳዴ ነው፣ ቅዳሴ ገብቷል። ደስታነሽ ባጃጅ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረረች።

ከሴቶቹ በኩል ስትቆም ወንዳወቅ ከመቅደስ ወጥቶ የሐዋርያትን መልእክት ያነባል። በመካከላቸው አሥር እርምጃ አይሞላም። ግን ቅዳሴ ላይ የቆመን ዲያቆን ማን ይጠራል? ምን ብላስ? ስለ ፕሪንተር? ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ ጨርሶ ተመልሶ ገባ። ሕዝቡ እግዚኦ ሲል እሷም እግዚኦ አለች፤ የእሷ ግን ስለ ሰዓቱ ነበር።

ቅዳሴው አልቆ ሲወጣ ለአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቷል። እጁን ይዛ ጠየቀችው።

«ፓስዎርድ የለውም እኮ» አላት ግራ ገብቶት። «ምንም ሳትጽፊ እሺ በይው፣ ይከፍታል።»

ቀን ሙሉ ያልሞከረችው የለም፤ ባዶውን ብቻ ነው ያልሞከረችው። እኔን አፈር ይብላኝ እያለች ተመለሰች። ምንም ሳትጽፍ እሺ አለችው፤ ሦስቱም ገጽ ጥርት ብለው ወጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

እትዬ እንቁ ገና ያልበረደውን ወረቀት በነጠላቸው ጠቅልለው ተነሡ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ መሬቴን አተረፍሽልኝ። አሁን ለማን ልስጠው?»

ደስታነሽ ጽሕፈት ቤቷን ሳትዘጋ የአሮጊቷን እጅ ይዛ ወደ ተዘጋው መዝገብ ቤት አብራቸው ሄደች።